ለወይዘሮ አስካለ ያዘዝኩት ጫካ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አዋጥተው አንድ ጋቢና አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ሰጡኝ። በመስታወት የተከደነ የእንጦጦ ጫካ ነው። ባሕር ዛፉ ተሰልፎ፣ ጭጋጉ ከሥሩ ተኝቶ፣ በመሃል አንዲት ቀጭን መንገድ ሽቅብ ትወጣለች። ከግርጌው «ለዶክተር እንጦጦ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዶክተር አይደለሁም፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። በእኛ ሰፈር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ «ነርስ ነኝ እኮ» ማለት ሰልችቶኝ ከተውኩት ቆየሁ። «እንጦጦ» የሚለውን ግን ራሴው ነኝ በራሴ ላይ ያመጣሁት።

አጨበጨቡልኝ፣ እኔም ሳቅሁላቸው። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ሳሎን ልትሰቅለው ምስማር ስትፈልግ «ተይው እባክሽ» አልኳት። «ምን ሆነሃል? ይሄን የመሰለ ነገር!» አለች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወሸቅሁት። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ከፈለገች ታንብበው።

የካ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የጦሩ ነርስ ነበርኩ፤ ጦሩ ሲበተን አብሬ ተበተንኩ። ዕድል ቀንቶኝ የምደባ ደብዳቤ ተጻፈልኝ እንጂ በዚያን ጊዜ ሥራ የምችል ሰው አልነበርኩም። መርፌ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። በር ድንገት ሲዘጋ ከጠረጴዛ ሥር መግባት ያምረኛል። ደሞዙም ቢሆን ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ያን ይተውት።

የአእምሮ ሕሙማን ክፍሏ ከግቢው ጥግ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ነበረች። ኃላፊዋ ሲስተር ብዙነሽ ይባሉ ነበር፤ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ሲናደዱ የሚያስፈሩ፣ ሲስቁ ግቢው የሚሰማቸው ሴት። ደብዳቤዬን ስሰጣቸው ሳያነቡት ጠረጴዛው ላይ ጣሉትና አግዳሚ ወንበሩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ና ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከጎኔ ተቀመጡ።

«ትናንት ከነጋ ጀምሮ የት የት ነበርክ?»

«ምን... የት ማለት?»

«የት ማለት የት ነዋ! ምን እንዳሰብክ አልጠየቅሁህም። ከአልጋህ ወርደህ የት ሄድክ፣ ከዚያስ የት፣ እስክትተኛ ድረስ።»

ነገርኳቸው። የተከራየሁባት ክፍል፣ የቀበሌው ሰልፍ፣ የታክሲው ግፊያ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝም ብዬ ወደ እንጦጦ ዳገት መውጣቴን። ሳልጨርስ «በቃ» አሉኝ። «ዳገቱ ላይ ስትደርስ ትከሻህ ወረደ። እስከዚያ ድረስ ጆሮህ ሥር ነበር። ከነገ ጀምሮ ከሥራ በፊት በየቀኑ እዚያ ደርሰህ ትመጣለህ። ብታረፍድ እኔ አለሁ።»

ሥራቸው ይሄው ነበር። መድኃኒት ለሚያስፈልገው መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ሪፈር የሚባለውን ሪፈር ይላሉ፤ ጭንቀት ያደቀቀውን ሰው ግን ከጎኑ ተቀምጠው ውሎውን በቦታ በቦታ ያስቆጥሩታል። ፊት ለፊት አይቀመጡም። እርሳሳቸውን ጸጉራቸው ውስጥ ይሰኩታል እንጂ ታካሚው እስኪወጣ አንዲት ቃል አይጽፉም። ዓይናቸው ትከሻው ላይ ነው። ሰውየው አንዱን ቦታ ሲጠራ ትከሻው የጣት ያህል ዝቅ ካለ፣ የሚያዙለት ያንን ቦታ ነው። «አፉን አትመን» ይሉኝ ነበር። «የእኛ ሰው ጋዋን ካየ ለሁሉም ነገር እሺ ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ታካሚውን እስከ ውጭ በር ይሸኙታል። ዝናብም ቢሆን፣ ሰልፍም ቢኖር። ዋናውን ነገር ሰው የሚናገረው ሊለይ ሲል ነው ባይ ናቸው። እውነትም ስንቱ ሰው ክፍል ውስጥ ስለ ራስ ምታት ሲያወራ ቆይቶ በሩ ላይ ሲደርስ «ለነገሩ ልጄ ሞታብኛለች» ይላል።

እኔ እንጦጦን እንደ ታዘዝኩት ያዝኩት። ማለዳ ስወጣ ከተማው ከኋላዬ እየቀረ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ፣ በመጨረሻ የውሾቹም። ከጥዱ መሃል ስገባ የራሴን እስትንፋስ እሰማለሁ። የረጠበ ቅጠል ይሸታል። በወራት ውስጥ እጄ መርፌ መያዝ ቻለ። ያ ጫካ ሰው አደረገኝ፤ ማንም ምን ቢል ይሄን አልክድም። ጥፋቴም የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መጣ። ልጅ ገጭቷል። ልጁ ተርፏል፣ ሹፌሩ ግን መሪ ሲይዝ ያልበዋል፣ ፍሬኑን ረግጦ መንገድ መሃል ይቆማል። እኔ ወዲያው «እንጦጦ ይውጣ» አልኩ። ሲስተር ብዙነሽ ገላመጡኝና ውሎውን ጠየቁት። ወሰን ሰፈር ካለው ጋራዥ ሲደርስ ትከሻው ወረደ። ላሜራ የሚቀጠቀጥበት፣ ብየዳ የሚንጣጣበት፣ ጆሮ የሚያደነቁር ቦታ! «በል እዚያ ዋል» አሉት። «ካሻህም ቁልፍ አቀብላቸው።» እሱ ሲወጣ እኔ ሳቅሁ። «ሲስተር፣ ጭንቀታምን ሰው መዶሻ ሥር?» አልኳቸው። «አንተ ሞኝ፣ እሱ ያደገው መዶሻ ሥር ነው። ዝምታ ውስጥ ብታስቀምጠው የሚሰማው ያንን ልጅ ነው» አሉኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሹፌሩ የካራን መስመር ሲሠራ መንገድ ላይ አየኝና ጡሩምባ ነፋልኝ። እኔ ግን አጋጣሚ ነው አልኩ።

ሲስተር ብዙነሽ ጡረታ ወጡና ልጃቸው ዘንድ ሌላ ከተማ ሄዱ። ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ክፍለ ከተማ የሚባለው መጣ፣ ቀጥሎ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። ለአንድ ታካሚ የሚፈቀደው ደቂቃ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አግዳሚ ወንበሩ ወጥቶ ጠረጴዛ ገባ፤ ታካሚው ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። ውሎ ማስቆጠር ቀረ፤ ማን ደቂቃ አለው? እውነቱን ልናገር፣ ደቂቃም ቢኖረኝ አልጠይቅም ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበርና።

ወረቀት አዘጋጀሁ፤ ጸሐፊዋ ተይባ አባዛችልኝ። «በሳምንት ሦስት ቀን፣ እንጦጦ ጫካ፣ አንድ ሰዓት። ብቻዎን። ባዶ እጅዎን። ምንም ሳይሠሩ ዝም ብለው ይቀመጡ።» ስም የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለው። በግምገማ ተዋርዶ እንቅልፍ ያጣ አንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በዚያ ወረቀት ዳነና በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ አመሰገነኝ። የክፍለ ከተማ ሰዎች መጥተው «ምርጥ ተሞክሮ» ብለው ጻፉ። ዶክተር እንጦጦ የሚለው ስም ያኔ ወጣልኝ። ወደድኩት፣ ምን እደብቃለሁ!

ወይዘሮ አስካለ የመጡት በዚያ ዘመን ነው። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም የማይርቅ፣ ቀጭን፣ ወደ ፊት ጎበጥ ያሉ። ካርዳቸውን ለመሙላት «ሥራዎ?» አልኳቸው። ትንሽ ዘግይተው «ቤት ነኝ» አሉ። «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ልቤ ነው ዶክተር። ድም ድም ይላል። እንቅልፍማ ረስቼዋለሁ። የሰው ኮቴ ስሰማ ብድግ ነው የምለው።»

«የሚሻልዎት ጊዜ የለም?»

«ላምበረት ስሄድ ትንሽ ይተወኛል። አውቶቡስ ተራው ጋ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ሰዉ ይጠራል፣ ዕቃ ይጫናል፣ እሱን ሳይ...»

እየጻፍኩ ነበር። ቀና አላልኩም። ትከሻቸውን አላየሁም። «ኧረ ይተዉት!» አልኳቸው። «ያ ጫጫታ እኮ ነው ሰው የሚያሳምመው። ከዛሬ ጀምሮ ላምበረት አይሂዱ።» ወረቀቱን ስማቸውን ሞልቼ ሰጠኋቸው፣ ማንበብ ስለማይችሉም አነበብኩላቸው። እንጦጦ የሚለው ላይ ስደርስ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ። ከዚያ «እሺ» አሉ።

ተነሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ዶክተር፣ ማኅተም ቢያደርጉበት?»

ማኅተሙ በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር። መሳቢያው ተቆልፎ፣ ቁልፉ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ። «ዛፍ እኮ ማኅተም አይጠይቅዎትም» አልኳቸው። ደጅ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ወይዘሮ አስካለ አልሳቁም። «እሺ» ብለው ሄዱ። እኔም «ቀጣይ!» አልኩ።

ሦስት ጊዜ ለቀጠሮ ተመለሱ። «ይወጣሉ?» «እወጣለሁ።» «ለውጥ አለ?» «እሺ፣ ደህና ነኝ።» እሺ፣ ደህና ነኝ! ይሄ መልስ ነው? ሦስቱንም ጊዜ ካርዱ ላይ «ለውጥ አለው» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀጠሮ ከስተው እንደነበር አሁን ትዝ ይለኛል። ያኔ አይቻለሁ መሰለኝ፣ ግን አላየሁትም።

በአራተኛው ቀጠሮ ልጃቸው መጣች። አዜብ ትባላለች፣ ወሰን ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ተራ ሳትጠብቅ ገብታ የጨቀየ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የእኔ ወረቀት ነው።

«ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። እናትሽ ደህና ናቸው?»

«እናቴ ገደል ገብታ አከርካሪዋ ተሰብሯል። ከእንግዲህ አትሄድም ብለውናል።»

 እሷ ቀጠለች፤ አልጮኸችም፣ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጫካ እንጨት ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ። ሃያ ዓመት ጠባቂ ሲያባርራት፣ እንጨቷን ሲቀማት፣ ስትወድቅ ስትነሣ። ልቧ የታመመው እዚያ ነው። እርስዎ ሂጂና እዚያ ቁጭ በይ አሏት። ባዶ እጅሽን አሏት።»

«አልነገሩኝም እኮ... የቤት እመቤት ነኝ ነው ያሉኝ።»

«ምን ትበል? እንጨት መልቀም የተከለከለ ነው። ጤና ጣቢያው የመንግሥት ነው። መንግሥት ቤት ገብታ እንጨት እሰርቃለሁ ትበል?» ወረቀቱን በጣቷ ነካችው። «ማኅተም ለምኛቸው ነበር ብላኛለች። ጠባቂ ቢይዘኝ የማሳየው ብላ ነው። ማኅተም የሌለውን ወረቀት ማን ያምናታል?»

የሆነው እንዲህ ነው። ወይዘሮ አስካለ ከዛፍ ሥር፣ ባዶ እጃቸውን፣ እንደ ታዘዙት ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ጠባቂው በዚያ ሲያልፍ አያቸውና «እማማ!» ብሎ ተጣራ። ሌላ ምንም አላደረገም። ዝናብ እየመጣ ነው ሊላቸው ነበር። ሲሮጡ ደንግጦ ተከተላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ሲከተላቸው ባሰባቸውና ቦረቦር ውስጥ ወደቁ። ከቦረቦሩ ያወጣቸው፣ ተሸክሞም ያወረዳቸው ያው ጠባቂ ነው። ሲያወርዳቸው ያለቅስ ነበር አለችኝ አዜብ። ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ የሚቀማቸው የለ፣ ያጠፉት የለ። ሩጫውን ግን ሃያ ዓመት ለምደውታል።

ቤታቸው ከዳገቱ ሥር አንዲት ክፍል ናት። በሩ ሲከፈት እንጦጦ ሙሉውን ይታያል። ልጠይቃቸው ስሄድ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ በሩ ግን ተዘግቷል። «ዝጊው ትለኛለች» አለች አዜብ። ጨለማው ውስጥ ገብቼ ከአልጋው ጎን ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፄን ሲሰሙ ሊነሡ ሞከሩ።

«ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ። ያዘዙኝን ሳልጨርስ ቀረሁ።»

እኔ ልለምን የሄድኩትን ይቅርታ እሳቸው ለመኑኝ። አለቀስኩ። ከጎናቸው መቀመጤን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው፤ ሲስተር ብዙነሽ እንደሚቀመጡት። ከስንት ዓመት በኋላ ያቺን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«እማማ አስካለ፣ ትንሽ እፎይ የሚሉት የት ነው?»

«ነገርኩዎት እኮ ዶክተር። ላምበረት።»

ቅያሜ አልነበረበትም። የረሳሁ መስሏቸው ሊያስታውሱኝ ነው።

«እዚያ ምን አለ?»

«እዚያማ ሁሉም ሰው ተሸክሟል። ወንዱም ሴቱም፣ በጀርባው በራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ከየት አመጣኸው የሚለው የለም። እንዲያውም ያግዙታል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያወጡለታል፣ በገመድ ያስሩለታል፣ ደህና ግባ ይሉታል።» ትራሱ ላይ ሆነው እንኳ ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁ። በዓይኔ አየሁ። «እሱን ሳይ ልቤ ዝም ይላል» አሉኝ።

«እወስድዎታለሁ» አልኩ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ኮንትራት ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። ከእነፍራሽዎ እንወስድዎታለን።»

«እሺ» አሉ። ይሄኛው እሺ የአፍ አልነበረም። አዜብ በኋላ ነገረችኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀን ሲቆጥሩ፣ ነጠላዬን እጠቢልኝ ሲሉ ነበር።

ያን ቅዳሜ ክፍለ ከተማ ጠራኝ። ከሌሎች ጤና ጣቢያዎች ለመጡ ሰዎች ምርጥ ተሞክሮዬን እንዳቀርብ፤ የጫካውን ወረቀት። አልችልም ማለት እችል ነበር። ይሄ ወረቀት ሰው ሰብሯል ማለትም እችል ነበር። ግምገማ ፈራሁ፣ እድገቴ ይቀራል ብዬ ፈራሁ፣ ደግሞ... ጭብጨባውንም ለምጄው ነበር። አዜብ ጋ ደውዬ «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳትና ሄጄ አቀረብኩ። ወረቀቱን አባዝተው ተከፋፈሉት።

በሳምንቱ ታክሲውን ይዤ ስደርስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሳንባቸው ነው አሉ፣ ሲተኙ ውኃ ይዞ። ሹፌሩ «ጋሼ፣ ልጠብቅዎት?» አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬ አሰናበትኩት። አዜብ ድንኳኑ ውስጥ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ነጠላው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ለማንም አልሰጠሁም። ከሥራ ሳልወጣ ዓመታት ቀጠልኩ። አግዳሚ ወንበር አስገቡልኝ ብዬ ጻፍኩ፤ በጀት የለም ተባልኩ። የራሴን ወንበር አዙሬ ከታካሚው ጎን መቀመጥ ጀመርኩ፣ ውሎ መጠየቅ ጀመርኩ፣ እስከ በር መሸኘት ጀመርኩ። ጥቂት ሰው ተጠቅሞ ይሆናል። እኔን ግን አላጽናናኝም። እንጦጦ መውጣት አቃተኝ፤ ከጥዱ መሃል ስገባ የምሰማው የራሴን እስትንፋስ ሳይሆን የሰው ሩጫ ነው። እጄ ተመልሶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላምበረትም ሄጄ ሞክሬያለሁ። ደሴ! ወልድያ! ሲሉ፣ ሲጭኑ፣ ሲያስሩ አያለሁ። ትከሻዬ አይወርድም። ያ ቦታ የእሳቸው ነው፣ የእኔ አይደለም። የእኔን ጫካ ደግሞ በእጄ አጠፋሁት።

በመጨረሻዬ ቀን፣ ከሽኝቱ በፊት ርክክብ ነበር። ተረካቢዋ ወጣት ነርስ ናት፣ ጨዋ ልጅ። ዕቃውን በዝርዝር እየጠራች ምልክት ታደርጋለች፤ ካርድ ሳጥን፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ወንበር። «ማኅተም፣ አንድ» አለች። መሳቢያውን ከፈትኩ። ወረቀቱ ከማኅተሙ ሥር ነው ያለው፣ ጭቃው ደርቆበት፤ አዜብ ካመጣችበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በሁለት እጄ ያዝኩና ከስማቸው አጠገብ ማኅተሙን አደረግሁበት።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ነው?» አለች ልጅቷ።

«የታካሚ ነው።»

«ስትመጣ እንድሰጣት እዚህ ላስቀምጥላት?»

«አይ፣ አትመጣም» አልኳት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፣ ማኅተሙን አስረከብኳትና ፈረምኩ።